የማይጨምር፣ ግን የሚቀንስ፦ ማዘርቦርድ በጌም ኮምፒውተር አቅም ላይ ያለው ድርሻ

ማዘርቦርድ በራሱ ስሌት አይሠራም። በጌም ውስጥ የገጸ ባሕርያቱን እንቅስቃሴ፣ የጥይቱን አቅጣጫና የግጭቱን ውጤት የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው። ምስሉን ሠርቶ ወደ ስክሪን የሚልከው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚሠራበትን መረጃ በቅርብ ይዞ የሚያቀብለው ደግሞ ራሙ ነው። ለማዘርቦርዱ የቀሩት ሥራዎች ሦስት ናቸው፦ ለእነዚህ ክፍሎች ኤሌክትሪክ ማቅረብ፣ እርስ በርስ ማገናኘት፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣም በምን ፍጥነትና በምን ቮልቴጅ እንደሚሠሩ መወሰን።

ስለዚህ ማዘርቦርድ የጌም ኮምፒውተርን አቅም ሊገድብ ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ይችላል» ነው፤ የሚገድብበት መንገድ ግን ከሌሎቹ ክፍሎች ይለያል። የተሻለ ግራፊክስ ካርድ ፍጥነት ይጨምራል፤ የተሻለ ፕሮሰሰርም እንደዚሁ። የተሻለ ማዘርቦርድ ግን ከራሱ የሚጨምረው ፍጥነት የለም። ሌሎቹ ክፍሎች ያላቸውን አቅም እንዳለ ያሳልፋል፤ ካልሆነም ይቀንሰዋል። ይህን ልዩነት አለመረዳት ገዢዎችን በሁለት በኩል ያከስራል። አንዱ በሰከንድ የሚታየው የፍሬም ብዛት ይጨምርልኛል ብሎ ለማዘርቦርድ እጥፍ ዋጋ ይከፍላል፤ የጠበቀውን ግን አያገኝም። ሌላው ውድ ፕሮሰሰር ገዝቶ ገበያው ላይ ባለው እጅግ ርካሽ ማዘርቦርድ ላይ ይተክለዋል፤ ከከፈለበት አቅም ከፊሉን ሳያየው ይቀራል። ሁለቱንም ስሕተት ለማስወገድ ማዘርቦርዱ ባለፉት ሃያ ዓመታት ምን እንደተወሰደበት፣ ምን እንደተጨመረበትና ዛሬ አቅም የሚቀንሰው በየትኞቹ መንገዶች እንደሆነ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው ከማዘርቦርድ ወደ ፕሮሰሰር ሲዛወር

ማዘርቦርድ ለፍጥነት ወሳኝ የነበረበት ጊዜ ነበር። እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በተለመዱት ኮምፒውተሮች ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል የሚገኘው በማዘርቦርዱ ላይ፣ ኖርዝብሪጅ በሚባለው ቺፕ ውስጥ ነበር። ፕሮሰሰሩ ከራም መረጃ በፈለገ ቁጥር ጥያቄው በዚያ ቺፕ በኩል ሄዶ መልሱም በዚያው ይመለሳል። ቺፑን የሚሠሩት ኢንቴል፣ ቪአይኤ፣ ሲስ፣ ኤንቪዲያና ሌሎችም ስለነበሩ ጥራቱ ከማዘርቦርድ ማዘርቦርድ ይለያይ ነበር። አንድ ዓይነት አትሎን ኤክስፒ ፕሮሰሰር በ2002 በወጣው የኤንቪዲያ ኤንፎርስ2 ቺፕሴት ላይ ሲተከልና በተፎካካሪው የቪአይኤ ኬቲ400 ላይ ሲተከል በጌም የሚያሳየው ፍጥነት እኩል አልነበረም። በዚያን ጊዜ ማዘርቦርድ መምረጥ ማለት ፍጥነት መምረጥም ነበር።

ኤኤምዲ በ2003 አትሎን 64ን ሲያወጣ የራም መቆጣጠሪያውን ከማዘርቦርዱ አንሥቶ ወደ ፕሮሰሰሩ አስገባው። ኢንቴልም በ2008 ኔሃለም በሚባለው የኮር አይ7 ትውልድ ያንኑ አደረገ። ቀጥሎ ግራፊክስ ካርዱ የሚገናኝበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መቆጣጠሪያ ተከተለ፤ ኢንቴል ከ2009 ጀምሮ ወደ ፕሮሰሰሩ ያስገባው ጀመር፤ በ2011 ሳንዲ ብሪጅ ሲወጣም ኖርዝብሪጅ በተራ ተጠቃሚዎች የኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ ቦታ አጣ። ዛሬ ቺፕሴት ተብሎ የቀረው ቺፕ የሚያስተናግደው በዋናነት ዩኤስቢን፣ የሳታ ዲስኮችን፣ ኔትወርክን፣ ድምፅንና ተጨማሪ ስሎቶችን ነው።

የዚህ ለውጥ ውጤት ግልጽ ነው። አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር፣ አንድ ዓይነት ራምና አንድ ዓይነት ግራፊክስ ካርድ በተመሳሳይ ቅንብር በሁለት ጤናማ ማዘርቦርዶች ላይ ቢተከሉ በጌም የሚታየው ልዩነት ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ነው፤ ይህም ከመለኪያው ስሕተት አያልፍም። ከዚያ የሰፋ ልዩነት ሲታይ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቅንብሩ ነው። ለምሳሌ ከ2012 ገደማ ጀምሮ አንዳንድ አምራቾች መልቲ ኮር ኢንሃንስመንት የሚባለውን ቅንብር ሳይጠየቁ ከፍተው ማዘርቦርዱን ለገበያ ያቀርቡ ነበር፤ ቅንብሩ ለአንድና ለሁለት ኮር ብቻ የተፈቀደውን ከፍተኛ ፍጥነት ለሁሉም ኮሮች ይሰጣል። ማዘርቦርዱ ፈጣን መስሎ የሚታየው ፕሮሰሰሩን ከተወሰነለት ልክ በላይ ስለሚያሠራው ነው።

ነገር ግን ሥራው ከማዘርቦርዱ ሲነሣ ሌላ ሸክም ተተካበት። በ2011 የወጣው ኮር አይ7-2600ኬ የኃይል መጠኑ 95 ዋት ተብሎ የተመዘገበ ነበር። በ2022 የወጣው ኮር አይ9-13900ኬ በከፍተኛ ሥራ ጊዜ እስከ 253 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ይህን ኃይል አጣርቶና አውርዶ ማቅረብ የማዘርቦርዱ ኃላፊነት ነው። ማዘርቦርዱ ዛሬ አቅም ከሚቀንስባቸው አራት መንገዶች የመጀመሪያው የሚነሣውም ከዚህ ነው።

አንደኛው መንገድ፦ ኤሌክትሪክ

ፓወር ሰፕላይ ለፕሮሰሰሩ ብሎ ወደ ማዘርቦርዱ የሚልከው 12 ቮልት ነው። ፕሮሰሰሩ የሚሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.4 ቮልት ባለው ነው። ቮልቴጁን የሚያወርደው በፕሮሰሰሩ ሶኬት ዙሪያ የተደረደረው ቪአርኤም የሚባለው ክፍል ነው፤ በውስጡ ሞስፌት የሚባሉ መቀያየሪያዎች፣ ጥቅል ሽቦዎችና ካፓሲተሮች አሉ። ቮልቴጁ ዝቅ ባለ ቁጥር ያንኑ ኃይል ለማድረስ የሚፈሰው ከረንት ይጨምራል። 200 ዋት በ1.25 ቮልት ለማቅረብ 160 አምፒር ያስፈልጋል። ክፍሉ 90 በመቶ ብቃት ቢኖረው እንኳ ከ20 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል፤ ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከጥቂት ትናንሽ ቺፖች ነው።

ጥሩ ማዘርቦርድ ከረንቱን ፌዝ በሚባሉ ብዙ ትይዩ መንገዶች ያከፋፍላል፤ ሞስፌቶቹንም ሙቀት በሚያስወግድ ወፍራም አሉሚኒየም ይሸፍናል። ርካሹ ማዘርቦርድ ፌዞቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዴም ሞስፌቶቹ ያለምንም ሽፋን የተተዉ ናቸው። ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ወደ ተወሰነለት ጣሪያ ሲደርስ ማዘርቦርዱ ራሱን ለማዳን ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ያስገድደዋል። ተጫዋቹ ይህን የሚያየው በሰከንድ የሚታየው ፍሬም ድንገት ሲወርድ፣ ጥቂት ቆይቶ ሲመለስ፣ እንደገናም ሲወርድ ነው። አማካዩ ቁጥር ደኅና ሊመስል ይችላል፤ ጨዋታው ግን ይንተባተባል።

ሁለተኛው የኃይል ገደብ ከሙቀት ሳይሆን ከቅንብር የሚመጣ ነው። ኮር አይ7-12700 መሠረታዊ የኃይል መጠኑ 65 ዋት፣ ከፍተኛው ደግሞ 180 ዋት ነው። አንዱ ማዘርቦርድ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ አድርጎት ወደ 65 ዋት ይመልሰዋል፤ ሌላው 180 ዋቱን ሳያቋርጥ ይፈቅድለታል። ፕሮሰሰሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በረጅም ሥራ ላይ የሚያሳየው ፍጥነት በጣም ይለያያል። ይህ ገደብ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ከሆነው ከባዮስ ውስጥ ሊለወጥ ይችላል፤ በተለይ ተገጣጥመው በሚሸጡ ኮምፒውተሮች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የተዘጋ ነው።

ሆኖም የኃይል ጥያቄ በጌም ረገድ ከሚገባው በላይ ሊጋነን አይገባም። ቪዲዮ ማቀናበርና የሦስት አውታር ምስል መሥራት ሁሉንም ኮሮች ሙሉ በሙሉ ያሠራሉ፤ ጌም ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኮሮችን ብቻ ያስጨንቃል። በ2023 የወጣው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጌም ከዘመኑ ፈጣን ፕሮሰሰሮች አንዱ ሆኖ ሳለ በጨዋታ ጊዜ የሚወስደው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ80 ዋት በታች ነው። እንዲህ ያለውን ፕሮሰሰር መካከለኛ ዋጋ ያለው ማዘርቦርድ ያለ ችግር ይሸከመዋል። 200 ዋትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ኮር አይ9 በርካሽ ማዘርቦርድ ላይ ሲተከል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማዘርቦርዱ የሚመዘነው ከሚሸከመው ፕሮሰሰር አንጻር ነው።

የአካባቢው አየርም በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። የቪአርኤም ሙቀት የሚጀምረው ከክፍሉ ሙቀት ነው፤ በዱባይ በጋ አየር ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ውስጥ ያለ ማዘርቦርድ ወደ ጣሪያው የሚደርሰው ፈጥኖ ነው። በሌላ በኩል ከባሕር ጠለል 2300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ክፍሉ ቀዝቃዛ ቢሆንም አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ስለሆነ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚያስወግደው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ በሁለቱም ቦታ የሳጥኑ የአየር ዝውውር ሊታሰብበት ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ራም

የራም መቆጣጠሪያው ወደ ፕሮሰሰሩ ቢዛወርም ራሙ በምን ፍጥነት እንዲሠራ እንደሚፈቀድ የሚወስነው አሁንም ማዘርቦርዱና ባዮሱ ናቸው። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ብክነትም ይህ ነው። ዲዲአር4-3200 ተብሎ የተሸጠ ራም ቅንብሩ ካልተነካ በ2133 ወይም በ2400 ሊነሣ ይችላል፤ ዲዲአር5-6000 ደግሞ በ4800። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ለማግኘት በባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም በኤኤምዲ በኩል ኤክስፖ የሚባለውን ቅንብር መክፈት ያስፈልጋል። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ብዙ ሰዎች ግን ለዓመታት ሳያደርጉት ይጫወታሉ።

አንዳንዱ ገደብ ግን በቅንብር አይነሣም፤ በአምራቹ ውሳኔ የተዘጋ ነው። በ2020 በወጡት በኢንቴል ኤች410 እና ቢ460 ቺፕሴቶች ላይ ኮር አይ5-10400 ራሙን ከ2666 በላይ ማሠራት አይችልም፤ ዜድ490 በሆነ ማዘርቦርድ ላይ ግን ያው ፕሮሰሰር 3200ንና ከዚያ በላይ ይቀበላል። ኢንቴል ይህን ክልከላ ከ2021 ጀምሮ በቢ560 ላይ አነሣው፤ ዝቅተኞቹ ኤች510 እና ኤች610 ግን ክልከላው እንዳለባቸው ቀሩ። ፕሮሰሰሩ የሚችለውን ቺፕሴቱ የሚከለክልበት እንዲህ ያለ ሁኔታ ማዘርቦርድ ማነቆ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ጥርት ያለ ማስረጃ ነው። በኤኤምዲ በኩል ክልከላው የላላ ነው፤ የቢ ተከታታይ ማዘርቦርዶች ራሙንም ፕሮሰሰሩንም ከመደበኛው በላይ ማሠራት ይፈቅዳሉ።

የራሙ አቀማመጥም ከፍጥነቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። አንድ የዲዲአር4-3200 ቻናል በሰከንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ቻናል 51.2 ጊጋባይት። 16 ጊጋባይት ራም በአንድ ስቲክ ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት የሚመረጠው ለዚህ ነው። አራት ስሎት ባላቸው አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ሁለቱ ስቲኮች የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ስሎት ነው። ጎን ለጎን ከተሰኩ ሁለቱም በአንድ ቻናል ላይ ወድቀው የማስተላለፍ አቅሙ በግማሽ ይቀንሳል። ጉዳቱ ይበልጥ የሚታየው እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያሉ ግራፊክሳቸው በውስጣቸው የሆነ ፕሮሰሰሮች ላይ ነው፤ ግራፊክሱ የራሱ ራም ስለሌለው ከዚሁ ይካፈላልና።

በዲዲአር5 ላይ ደግሞ አራቱንም ስሎቶች መሙላት ተቃራኒ ውጤት ያመጣል። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ተከታታይ በሁለት ስቲክ ዲዲአር5-5200 በይፋ ሲፈቅድ በአራት ስቲክ የሚፈቅደው 3600 ብቻ ነው። አራት ስቲክ በከፍተኛ ፍጥነት ማሠራት አንዳንዴ ቢሳካም በማዘርቦርዱ የመስመር ዝርጋታ ጥራት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዋስትና የለውም። የራም ፍጥነት ምን ያህል እንደሚጠቅምም ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ይለያያል። 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማከማቻ) ያላቸው ባለ ስምንት ኮር የኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ብዙውን መረጃ ከራሳቸው ስለሚያገኙ ለራም ዝግመት ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎቹ ያነሰ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች

ግራፊክስ ካርዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚነጋገረው በፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው። ስፋቱ በመስመሮች ብዛት፣ ፍጥነቱ በትውልድ ይለካል። የሦስተኛው ትውልድ አንድ መስመር በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 1 ጊጋባይት ገደማ ያስተላልፋል፤ አራተኛው ትውልድ እጥፉን፣ አምስተኛው የዚያን እጥፍ። ስለዚህ ባለ 16 መስመር ስሎት በሦስተኛው ትውልድ 16፣ በአራተኛው 32፣ በአምስተኛው 64 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል።

ብዙዎች የሚያሳስባቸው አዲስና ኃይለኛ ካርድ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ ይታነቃል የሚለው ነው። ስጋቱ በአብዛኛው መሠረት የለውም። እንደ አርቲኤክስ 4090 ያለ ካርድ እንኳ ሙሉ 16 መስመር ባለው የሦስተኛ ትውልድ ስሎት ላይ የሚያጣው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ጌሙ የሚጠቀምበት ምስልና ቅርጽ አንዴ ወደ ካርዱ ራም ከገባ በኋላ በስሎቱ የሚያልፈው መረጃ ብዙ አይደለም።

ጉዳቱ የሚከፋው ሳይጠበቅ በርካሾቹ ካርዶች ላይ ነው። በጥር 2022 የወጣው ራዲዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የሚጠቀመው 4 መስመር ብቻ ሲሆን ያለው ራምም 4 ጊጋባይት ነው። በአራተኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ 8 ጊጋባይት በሰከንድ ያገኛል፤ እንደ ቢ450 ባለ የሦስተኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ ግን 4 ብቻ። የካርዱ የራሱ ራም በሰከንድ 144 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ጌሙ ከ4 ጊጋባይት በላይ በፈለገ ቁጥር ካርዱ የጎደለውን ከኮምፒውተሩ ራም በዚያ ጠባብ መስመር ማምጣት ግድ ይሆንበታል፤ ያኔ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። 8 መስመር የሚጠቀሙት እንደ አርቲኤክስ 4060 ያሉ ባለ 8 ጊጋባይት ካርዶችም ራማቸው ሲሞላ በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ይገባሉ፤ የእነርሱ ግን የቀለለ ነው። አሮጌ ማዘርቦርዱን ይዞ ርካሽ ካርድ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት የካርዱን የመስመር ብዛት ሊያይ የሚገባው ለዚህ ነው።

መስመር የሚጠፋባቸው ሌሎች አጋጣሚዎችም አሉ። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሁለተኛው ረጅም ስሎት ሙሉ ቢመስልም የተዘረጋለት 4 መስመር ነው፤ እርሱም በቺፕሴቱ በኩል የሚያልፍ ነው። ካርዱን ለአየር ዝውውር ሲባል እዚያ መሰካት አቅሙን መቀነስ ነው። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች አንዱ የኤም.2 ስሎት ዲስክ ሲሰካበት ከግራፊክስ ካርዱ 16 መስመሮች ስምንቱን ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ ራሱ ገደብ የሚሆንበት ጊዜም አለ፦ ቢ550 ማዘርቦርድ አራተኛውን ትውልድ ቢደግፍም ራይዘን 5 5600ጂ የሚሰጠው ሦስተኛውን ብቻ ነው። መልሱ የሚገኘው በማዘርቦርዱ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስለሆነ ከመግዛት በፊት ማንበብ ይገባል።

ዲስክን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የሳታ ኤስኤስዲ ዲስክ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ፣ የሦስተኛ ትውልድ ኤንቪኤምኢ ዲስክ 3500 ሜጋባይት ገደማ ያነባሉ። ማዘርቦርዱ የሚፈቅደው የዲስክ ዓይነት ጌሙ የሚከፈትበትን ጊዜ ይለውጣል፤ በአብዛኞቹ ጌሞች በሰከንድ የሚታየውን የፍሬም ብዛት ግን አይነካም።

አራተኛው መንገድ፦ ባዮስ

ከአራቱ መንገዶች ተጠቃሚው በቀላሉ የሚረሳው ባዮስን ነው። ባዮስ የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ነው፤ ማዘርቦርዱ ከተገዛ በኋላም ሊሻሻል ይችላል፤ ሊበላሽም ይችላል።

አንዱ ምሳሌ ሪሳይዛብል ባር የሚባለው አሠራር ነው። ከዚያ በፊት ፕሮሰሰሩ የግራፊክስ ካርዱን ራም የሚያየው በ256 ሜጋባይት መስኮት ነበር። ይህን መስኮት የሚያሰፋው አሠራር በፒሲአይ ኤክስፕረስ ደንብ ውስጥ ለዓመታት ተጽፎ ቢቆይም በጌም ኮምፒውተር ላይ በሰፊው የገባው ኤኤምዲ በ2020 መጨረሻ ስማርት አክሰስ ሜሞሪ በሚል ስም ካቀረበውና ኤንቪዲያ በ2021 ከተከተለው በኋላ ነው። በኤኤምዲና በኤንቪዲያ ካርዶች ላይ የሚሰጠው ጭማሪ እንደ ጌሙ ጥቂት በመቶ ነው። በ2022 በወጡት በኢንቴል አርክ ካርዶች ላይ ግን አለመኖሩ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ ኢንቴልም ይህን አሠራር የማይደግፍ ኮምፒውተር ላለው ሰው ካርዶቹን አይመክርም። አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ባዮሱ ካልታደሰ አርክ ካርድ ከአቅሙ በታች ይሠራል።

ሌላው ምሳሌ ማዘርቦርዱ በቀጥታ ጌም ያንተባተበበት ነው። ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ ቲፒኤም የሚባለውን የደኅንነት አሠራር ስለጠየቀ ብዙ የራይዘን ተጠቃሚዎች በባዮስ ውስጥ ያለውን ከፈቱት። ጥቂት ሳይቆይ ኮምፒውተራቸው አልፎ አልፎ ለአፍታ ቀጥ ይል ጀመር። ኤኤምዲ በመጋቢት 2022 ምክንያቱን አረጋገጠ፦ አሠራሩ በማዘርቦርዱ ላይ ካለው የባዮስ ማከማቻ ቺፕ ጋር ሲነጋገር ሥራው ለጊዜው ይቆማል። መፍትሔው በዚያው ዓመት በባዮስ ማሻሻያ መጣ። ፕሮሰሰርም ሆነ ግራፊክስ ካርድ የቀየረ ሰው ይህን ችግር ላያስወግደው ይችል ነበር።

ማዘርቦርዱ ሲለግስ የሚመጣ ጉዳት

ማዘርቦርድ የሚጎዳው በመከልከል ብቻ አይደለም፤ ከልክ በላይ በመፍቀድም ነው። በሚያዝያ 2023 አንዳንድ የራይዘን 7000ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ከነሶኬታቸው ተቃጠሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ማዘርቦርዶች ራሙን በከፍተኛ ፍጥነት ለማሠራት ኤስኦሲ ለሚባለው የፕሮሰሰሩ ክፍል የሚሰጡት ቮልቴጅ መብዛቱ ነበር። ኤኤምዲ ከዚያ በወጣ የባዮስ ማሻሻያ ቮልቴጁ ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ ገደበ።

ቀጥሎ የመጣው የኢንቴል ችግር ሰፋ ያለ ነበር። የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ከፍተኛ ፕሮሰሰሮች ጌም ላይ እያሉ ይቋረጡ ጀመር። በ2024 የመጀመሪያ አጋማሽ ኢንቴል ማዘርቦርዶች የኃይል ገደቡን ማላላታቸውን ጠቅሶ መደበኛው ቅንብር እንዲመለስ ጠየቀ። በኋላ ግን ዋናው ችግር ፕሮሰሰሩ ራሱ ከፍተኛ ቮልቴጅ መጠየቁና በዚህም ሳቢያ ቀስ በቀስ መጎዳቱ እንደሆነ ገለጸ፤ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ማሻሻያዎችን አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማሻሻያው ለተጠቃሚው የሚደርሰው በማዘርቦርዱ ባዮስ በኩል ስለሆነ ባዮሱን ያላደሰ ሰው ፕሮሰሰሩን ለጉዳት ያጋልጠዋል። ከሁለቱም አጋጣሚዎች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፦ በመለኪያ ሰንጠረዥ ላይ ጥቂት ነጥብ ለማግኘት ሲባል ገደቡን ያላላ ማዘርቦርድ የተሻለ ማዘርቦርድ አይደለም።

የነገው አቅም ጣሪያ

እስካሁን የታየው ማዘርቦርዱ ዛሬ ያሉትን ክፍሎች እንዴት እንደሚገድብ ነው። ነገ ሊተከል የሚችለውን የሚወስነውም እርሱ ነው። የኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። በ2017 የተገዛ ቢ350 ማዘርቦርድ ባዮሱ ከታደሰ በሚያዝያ 2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ሊቀበል ይችላል፤ ተጫዋቹ ማዘርቦርዱንም ራሙንም ሳይለውጥ ፕሮሰሰሩን በመቀየር ብቻ የጌም ፍጥነቱን በእጅጉ ያሳድጋል። በኢንቴል በኩል በጥር 2017 ዜድ270 ማዘርቦርድ የገዛ ሰው በጥቅምት የወጣውን 8ኛ ትውልድ መትከል አልቻለም፤ የሶኬቱ ፒን ቁጥር 1151 እንደሆነ ቢቀርም ኢንቴል አዲስ ቺፕሴት ጠየቀ። የማዘርቦርድ ትልቁ ገደብ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በመለኪያ ቁጥር ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው።

ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች

አራቱም መንገዶች በአንድ ላይ የሚታዩት ከቢሮ የወጡ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ያሉ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። በኢትዮጵያ ገበያ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች በብዛት ስለሚሸጡና ዋጋቸው ስለሚቀመስ፣ ወጣቶች ግራፊክስ ካርድ ጨምረው ለጌም ሊያውሏቸው ይሞክራሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የማዘርቦርዱን ጠባይ ግን አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። የራም ፍጥነት ብዙ ጊዜ የተቆለፈ ነው። ሪሳይዛብል ባር በአሮጌዎቹ ላይ አይጠበቅም። የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ ከተለመደው ስለሚለይ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ መግጠም ይከብዳል። ተጨማሪ የኃይል ገመድ ከሌለ ካርዱ የሚያገኘው ከስሎቱ ብቻ ነው፤ ይህም ቢበዛ 75 ዋት ነው።

በዚህ ገደብ ውስጥ የሚገቡት እንደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው የጂቲኤክስ 1650 ዓይነት ያሉት ናቸው። 53 ዋት ብቻ የሚወስደው ራዲዮን አርኤክስ 6400 ለእነዚህ ሳጥኖች የተሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚጠቀመው 4 መስመር ስለሆነ በሦስተኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ ከአቅሙ ይጎድላል። 16 መስመር የሚጠቀመው አሮጌው 1650 በእንዲህ ያለ ሳጥን ውስጥ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ማነቆውን መለየት

ጌም ሲዘገይ ማዘርቦርዱን መጠርጠር የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን አይገባም። በቅድሚያ መታየት ያለበት ግራፊክስ ካርዱ በጨዋታ ጊዜ ምን ያህል እንደሚሠራ ነው። ከ97 በመቶ በላይ ከሆነ ገደቡ ካርዱ ራሱ ነው፤ ማዘርቦርድ መቀየር ምንም አይለውጥም። ካርዱ ሥራ ፈትቶ ከታየ በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የራሙን ፍጥነት፣ በሲፒዩ-ዜድ የቻናሉን ብዛት ማየት ይገባል። ቀጥሎ ጂፒዩ-ዜድ ካርዱ በስንት መስመርና በየትኛው ትውልድ እንደተገናኘ ያሳያል፤ ካርዱ ሥራ ሲያጣ ትውልዱን ዝቅ ስለሚያደርግ ንባቡ መወሰድ ያለበት በሥራ ላይ እያለ ነው። በመጨረሻ ኤችደብሊውኢንፎ የቪአርኤም ሙቀት መለኪያ ባላቸው ማዘርቦርዶች ላይ ሙቀቱን፣ እንዲሁም ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን የቀነሰበትን ምክንያት ያሳያል።

አማካይ የፍሬም ብዛትን ብቻ ማየት አይበቃም። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት ለእያንዳንዱ 16.7 ሚሊሰከንድ፣ 144 ፍሬም ማለት 6.9 ሚሊሰከንድ ነው። ከማዘርቦርድ የሚመጣ ጉድለት በብዛት የሚታየው ጥቂት ፍሬሞች ከዚህ ጊዜ በእጅጉ ሲዘገዩ ነው፤ ስለዚህ ዝቅተኛውን 1 በመቶ የሚያሳየውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል።

ለገዢ የሚሆን መለኪያ

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ ጥቂት የምርጫ መስፈርቶች ይጠቃለላል። ማዘርቦርዱ ለታሰበው ፕሮሰሰር የኃይል ፍላጎት የሚበቃና ሙቀት ማስወገጃ የተገጠመለት ቪአርኤም ይኑረው። ቺፕሴቱ ኤክስኤምፒን ወይም ኤክስፖን ይፍቀድ። ዋናው ስሎት ለሚገዛው ካርድ የሚበቃ መስመርና ትውልድ ይኑረው፤ ካርዱ 4 ወይም 8 መስመር ከሆነ ትውልዱ ይበልጥ ይታሰብበት። አምራቹ ባዮሱን በየጊዜው የሚያድስ ይሁን። ሶኬቱም ቢያንስ አንድ ተጨማሪ የፕሮሰሰር ትውልድ የሚቀበል ቢሆን ይመረጣል።

መካከለኛ ዋጋ ያላቸው የቢ ተከታታይ ማዘርቦርዶች አብዛኞቹ እነዚህን ያሟላሉ። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገዛው ተጨማሪ የዲስክ ስሎት፣ ፈጣን ኔትወርክ፣ የተሻለ ድምፅ፣ ብዙ ዩኤስቢና ፕሮሰሰርን ከልኩ በላይ ለማሠራት የሚሆን ትርፍ አቅም ነው። እነዚህን የሚፈልግ ሰው ቢከፍልባቸው ተገቢ ነው። የሚፈልገው የጌም ፍጥነት ብቻ የሆነ ሰው ግን መስፈርቶቹን በሚያሟላው ርካሽ ማዘርቦርድ ላይ ቆሞ የተረፈውን ገንዘብ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ቢያዞር በስክሪኑ ላይ የሚያየው ለውጥ የሚበልጠው ያኔ ነው።